የጋሽ እሺ ወንበር

ባሌ ደግ ሰው ነው። ይህን የሚነግሩኝ ሰዎች ሁሉ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ አንዳቸውም ከእሱ ጋር አይኖሩም። መንገድ ላይ ያስቆሙኝና እጄን ጨብጠው፣ «ታድለሽ! እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?» ይሉኛል። «እኔም ስፈልገው አላገኘውም» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ቀልድ መስሏቸው ነው።

ሥራው ቁልፍ መሥራት ነው። በር ተዘግቶበት ውጭ የቀረ፣ መክፈቻው የጠፋበት፣ መሳቢያው እምቢ ያለው ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። መጥቶ «ጋሼ፣ እባክዎ» ካለ አለቀ። የጎረሰውን እንኳ ሳይውጥ «እሺ» ብሎ ብድግ ይላል። ሰፈሩ ወላጆቹ ያወጡለትን ስም ትቶ «ጋሽ እሺ» ነው የሚለው። እንግዲህ የሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውል ሰው የራሱ ቤት በር እንዴት ያለ ይሆን ትሉ ይሆናል። በማንኪያ ነው የሚዘጋው! ቁልፉ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ማታ ማታ የማንኪያ እጀታ ቀለበቱ ውስጥ ሰክተን እንተኛለን። «ነገ እሠራዋለሁ» ይለኛል። ነገ ደግሞ የሰው ነው።

እኔ በበኩሌ ክሊኒክ ውስጥ ተራ አስከባሪ ነኝ። «ይቀመጡ»፣ «ተራዎ አልደረሰም»፣ «አይቻልም» ስል ነው የምውለው። «ያቺ ክፉ ሴትዮ ዛሬም አለች እንዴ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አለሁ! እኔ ባልኖር ጉልበት ያለው እየገፋ ይገባል፤ ደካማው ግድግዳ ተደግፎ ይመሻል። ለዚህ ግን «ታድለሃል» ብሎ የባሌን እጅ የጨበጠ አንድ ሰው የለም።

ከዚህ «እሺ» ከሚል አባትና «አይቻልም» ከምትል እናት አንዲት ልጅ ተወለደች፤ ሄዳ ሄዳ ፍልስፍና አጠናች። «ፍልስፍና ተምረሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ይኼ ራሱ የፍልስፍና ጥያቄ ነው» ብላኝ አረፈችው። የመመረቂያ ጽሑፏንም ስለ ጥሩነት አደረገችው። በቃ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ እንደ ልብ «ጥሩ» ማለት ቀረ። «ሾርባው ጥሩ ነው» ካልኩ «ምን ማለትሽ ነው?» ብላ ትይዘኛለች።

አንድ ቀን እራት ላይ የዳቦውን ቢላዋ አነሳችና፣ «ይኼ ጥሩ ቢላዋ ነው?» አለች።

«ደንዟል» አልኳት።

«ስለዚህ ጥሩ አይደለም?»

«አይቆርጥማ! ምን ጥሩ ይሆናል?»

«እሺ፤ ጥሩ ቢላዋ የሚቆርጥ ነው። ጥሩ ጫማ የማያቆስል ነው። ጥሩ ሰውስ? ሰው ምን ሲያደርግ ነው ጥሩ የሚሆነው?»

አባቷ ማንኪያውን አስቀመጠ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ወሬ ይወዳል፤ የሚያወራበት ጊዜ ስለሌለው ነው እንጂ። «ጥሩ ሰው የተቸገረ ሲጠራው የሚደርስ ነው» አለ።

«የትኛው የተቸገረ?»

«ማንም ቢሆን።»

«ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠራህስ?»

አፉን ሊከፍት ሲል በሩ ተንኳኳ። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ መኪናዬ ውስጥ ቁልፉን…» አለ አንድ ድምፅ። «እሺ!» ብሎ ተነሳ። ማንኪያውን ከበሩ ነቅሎ ወጣ፤ ሾርባው እየተነነ ቀረ። ልጄ ሳህኑን ቁልቁል ስታየው ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«እንግዲያው አንቺ መልሺልኝ።»

«እኔ የማውቀው ተራ ነው» አልኳት። «ሚኒስትርም ይሁን ጫማ ጠራጊ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። ማንንም ከማንም አለማበላለጥ ነው ጥሩነት።»

«እኔ ታምሜ ብመጣስ? ተራ ታስጠብቂኛለሽ?»

«አዎ!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ።

አየችኝ።

«በጀርባው በር አስገባሻለሁ» አልኩ።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ይኸውልሽ፣ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጨቃጨቁበት ነገር ይኸው ነው» አለች። «ለሁሉም እኩል መሆን ነው ወይስ ለቅርብ ሰው ማድላት? የአባዬ ግን ከሁለቱም ወጣ። እሱ የሚያደላው ለሩቅ ሰው ነው።»

ልክ ናት። ልጅቷ ስታድግ አባቷን በዓይኗ ስትፈልግ ነው ያደገችው። ከትምህርት ቤት ሽልማት የተቀበለችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ጋሽ እሺ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ በሰዓቱ የትምህርት ቤቱ በር ድረስ ደርሷል። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ለካ ዘበኛው የጥበቃ ቤቱ መክፈቻ ጠፍቶበት ቆሟል! ጋሽ እሺ እዚያው በሩ ላይ ተንበርክኮ የዘበኛውን ቁልፍ ሲጎረጉር፣ እሷ መድረክ ላይ ወጥታ አንገቷን ስታሰግግ፣ ሥነ ሥርዓቱ አለቀ። ዘበኛው እስካሁን ባገኘኝ ቁጥር «ታድለሽ» ይለኛል። አንጀቴ ነው የሚያርረው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የልጄ ትምህርት ክፍል አንድ ደንብ አለው። ተማሪው ጽሑፉን መምህራን ፊት በሚያቀርብበት ቀን ከፊት አንድ ወንበር ይቀመጣል፤ የሚቀመጥበት ከውጭ የመጣ ሰው ነው። መምህር ያልሆነ፣ ፍልስፍና ያላጠና፣ ተማሪው ከቤት ወይም ከሰፈር የመረጠው ሰው። የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቀውም እሱ ነው። ለተራ ሰው የማይገባ ነገር ጽፋችሁ አትምጡብን ለማለት ነው አሉ። ሰውየው ካልመጣ ወንበሩ አይነሳም፤ ባዶውን እዚያው ይውላል።

ይህን ስትነግረኝ ጸጉሬን ነካ ነካ አደረግሁ። የትኛውን ቀሚስ እንደምለብስ ሁሉ አስቤ ነበር።

«ታዲያ ማንን መረጥሽ?»

«አባዬን።»

ክው አልኩ። «እኔስ? የትኛው ቀን ነው ቀርቼብሽ የማውቀው? በይ ንገሪኛ! አንድ ቀን ጥሪ!»

«አንቺማ ሳትጠሪም ትመጫለሽ፣ እማዬ። አንቺን ማን ይጠራል?»

ደስ ይበለኝ ይክፋኝ ግራ ገባኝ። ልጄ ግን አልጨረሰችም። «ይኼ የመጨረሻ ነው» አለች። «ባይመጣ አልቆጣም፤ አላለቅስም። ብቻ ከእንግዲህ ለምንም ነገር አልጠራውም። ላገባም ብሆን፣ ልወልድም ብሆን።» ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። እንደ እኔ ብትጮህ ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የሚጮህ ሰው ይበርድለታል። እንዲህ ቀዝቀዝ ብሎ የሚናገር ግን የሚለውን ያደርጋል።

ለባሌ ስነግረው፣ «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። እሺታውን ማን ያጣዋል! እኔም በልቤ፣ እግርህን አስሬም ቢሆን እወስድሃለሁ አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ልጄ በጠዋት ወጣች። እኔ ከክሊኒክ ፈቃድ ወስጄ ሰውየውን እንደ እስረኛ ስጠብቅ አረፈድኩ። መጋረጃውን አልከፈትኩም፤ ቤት ውስጥ ሰው ያለ እንዳይመስል። ሬዲዮ የለ፣ ወሬ የለ። ሸሚዙን ተኩሼ አለበስኩት። ስልኩን «አምጣ» ብዬ ተቀበልኩት። ታክሲ የሚነዳው ወንድሜ ከፎቁ ሥር መጥቶ ቆመ። «መንገድ ላይ ሰው ቢያይ አታቁም። መስኮት እንዳትከፍትለት። ስልክህም ቢጮህ አታንሳ፤ እሱን ፈልገው ነው የሚደውሉት» ብዬ አስጠነቀቅሁት።

እኔ ገና የቤት ልብሴን አልቀየርኩም። «አብረን እንሂድ፣ ልጠብቅሽ» አለኝ ባሌ። «ዋ! አንዲት ደቂቃ ብትቆም አንዱ መጥቶ ይወስድሃል። ሂድ! እኔ በአውቶቡስ እደርሳለሁ» አልኩት። ሊወጣ ሲል እጁ ሳያውቀው የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሏል። ነጠቅሁት። እጁን አየ፤ ባዶ ሆኖበት ሱሪው ላይ ጠረገው። ወረደ። ታክሲዋ ጥጉን ስትዞር በመስኮት አይቼ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ቀሚሴን ለብሼ አንድ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ በሩ ተደበደበ።

«ጋሼ! ጋሼ!»

ከእኛ አንድ ፎቅ በታች የምትኖረው ጸጉር ሠሪ ናት። በነጠላ ጫማ፣ ግማሽ ጸጉሯ ተጠቅልሎ ግማሹ ተበትኖ። ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ በሩን ንፋስ ዘጋባት። ምድጃ ላይ ወተት ጥዳለች። አማቷ ውስጥ ተኝተዋል፤ ጆሯቸው አይሰማም።

«የለም!» አልኳት። እንዴት እንዳልኩት ብታዩ! ድል እንዳደረገ ሰው ነው ያልኩት። በራችንን አንኳኩቶ ባሌን ያጣ የመጀመሪያው ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«እንዴት የለም?» አለች። ፊቷ ሲቀየር አየሁት። «እትዬ፣ ሽታው እኮ ይወጣል። እማማን ምን ላድርጋቸው?»

ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ «እባክሽ» ይሉኛል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት አውቅበታለሁ። ግን እዚያ በእኔና በሰው መሃል ጠረጴዛ አለ። ይህቺኛዋ አፍንጫዬ ሥር ነው የቆመችው። ቦርሳው ደግሞ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አያነሳም። ስልክ አታንሳ ብዬው የለ? በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩትን ሰማ!

«ነይ!» አልኳት፤ ቦርሳውን አንጠልጥዬ ወረድኩ።

ባሌ ሲሠራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ስስ ላስቲክ በበሩና በመቃኑ መሃል ያሾልክና ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ገፋ ሲያደርገው በሩ «ጧ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ላስቲኩን አሾለክሁ። ተጣጠፈ። ሌላ አሾለክሁ። ውስጥ ገብቶ ቀረ። ያረረ ወተት ሸተተን፤ ጸጉር ሠሪዋ «እማማ! እማማ!» እያለች ግድግዳውን ትደበድባለች፣ ለማይሰሙ ሴትዮ። ከዚያማ ንዴቴ መጣ። ካቻቢቴና መዶሻ አወጣሁ። ባሌ ቢሆን በሩን አባብሎ ይከፍተው ነበር፤ እኔ የቁልፉን አካባቢ እንጨት በእንጨት አድርጌ ሰብሬ ገባሁ።

ተንደርድረን ወጥ ቤት ስንደርስ አማቲቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ወተት ይጠጣሉ። ምድጃው ጠፍቷል። ከድስቱ ላይ የገነፈለውን እንኳ ጠርገውታል።

«ዳቦ አመጣሽ?» አሉ ለምራታቸው። ከዚያ እኔን መዶሻ ይዤ አዩኝ። «ሰላም ነው?»

ምድር ብትከፈት በገባሁ። የሰው በር በከንቱ አፍርሼ ቆሜያለሁ! ጸጉር ሠሪዋ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ማልቀስ ጀመረች። «እትዬ፣ አንቺ እኮ ጥሩ ሰው ነሽ። ሰው የሚልሽን አትስሚ፣ ጥሩ ሰው ነሽ» አለችኝ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ጣፈጠኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ሆዴ ውስጥ ሞቅ አለኝ፤ ፊቴ ፈገግ አለ፤ «ኧረ ምንም አይደለም» ስል የራሴን ድምፅ አላወቅሁትም፣ ማር ማር ይላል። ሻይ ላፍላልሽ ስትለኝ «እሺ» ብዬ ልቀመጥም ነበር! ያኔ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ።

ልጄ ጀምራለች።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ቦርሳውን የት ላስቀምጠው፣ በእጄ እንደያዝኩ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ። ቀሚሴ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ጥፍሬ ተሰብሮ። ጥግ ይዤ ቆምኩና ምን እንዳደረግሁ ማሰብ ጀመርኩ። አንዲት ሴት ጥሩ ነሽ ስላለችኝ የልጄን ሰዓት ረሳሁ። ያውም ቀርቼባት የማላውቀው እኔ! ባሌ ታዲያ ይህን ማር ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ሲቀምስ ኖሮ እንዴት ይተወው? እቤት ግን ማን ያቀምሰዋል? እኔ የማቀምሰው ቁጣ ነው። አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ስለ ልጄ አስቤ ተናደድኩበት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሆናል ለካ።

ስደርስ የክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርጌ ከኋላ ቆምኩ። ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት ወንበሩን ነው። ተቀምጦበታል! ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። እግዜር ይስጠው ወንድሜን።

ልጄ ቆማለች። ዓይኗ አንዴ ወደ በሩ መጣ፤ አየችኝ፤ ትከሻዋ ዝቅ አለ። እኔን ስትጠብቅ ነበር ማለት ነው። «ሰው ሲሞት ሁላችንም ጥሩ ነበር እንላለን» ትላለች። «በሕይወት ሳለ ደግሞ ጥሩ የምንለው ብዙ ጊዜ እኛን ያላስቸገረንን ነው። እኔ የጠየቅሁት፣ ጥሩ ስንለው አጠገቡ የነበሩትን ሰዎች ጠይቀናል ወይ ነው።»

ከመምህራኑ አንዱ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው፣ እጁን አነሳ። «ጽሑፍሽ ውስጥ ለሁሉ የሚደርስ፣ ቤቱ ግን የማይገኝ ሰው አለ። አንቀጹን ወድጄዋለሁ። ግን አላለቀም። በመጨረሻ ይህን ሰው ምን እንበለው? ጥሩ ነው ወይስ አይደለም?»

ልጄ ወረቀቷን ገለጠች፤ መልሳ ከደነችው።

«ጽሑፉ ላይ ረጅም መልስ አለው» አለች። «አጭሩን ልንገርዎት። ጥሩ ሰው ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እኔ ግን ናፍቄው ነው ያደግሁት።»

ባሌን ከጀርባው ነው የማየው፤ ጆሮው ቀላ። ሰብሳቢዋ፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ «የመጨረሻው ጥያቄ የእንግዳችን ነው» አሉ።

ተነሳ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«ጥያቄ የለኝም» አለ። «ትምህርቱንም አላውቀው። ግን ሰውየው እኔ መሆኔ ገብቶኛል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ደግ አይደለሁም፣ ልጄ። ፈሪ ነኝ። ሰው በሬ ላይ ቆሞ ሲለምነኝ፣ እምቢ ካልኩት ተቀይሞኝ ይሄዳል፣ ክፉ ይለኛል ብዬ እፈራለሁ። እናንተን ግን አልፈራም። ብትቆጡም፣ ብታኮርፉም፣ ማታ ስገባ እቤት ናችሁ። እነዚህ የትም አይሄዱብኝም ብዬ ነው።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ የማውቃት፣ ለሁሉ ነገር መልስ ያላት ልጅ፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«ልሄድ ነበር እኮ፣ አባዬ» አለች። «ዛሬ ባትመጣ ሄጄብህ ነበር።»

ሁለቱንም ልቆጣ ከኋላ ሆኜ አፌን ከፈትኩ። ግን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።